ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ዛፍ

"ሸክላውን ያዥ እንጂ ልጄ! እኔ ግንዱን ልሳብ።"

ልጅቷ ዛፉ የተተከለበትን ሸክላ በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ያዘች። አባቷ ወዘወዘ፣ ሳበ፤ ዛፉ ወይ ፍንክች! ጸጉር ቤታቸው ውስጥ እየተከረከመ የኖረው ይህ ፊከስ የተባለ ዛፍ ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም፤ ግርማው ግን የትልቅ ዋርካ ነው። ሰሞኑን ቅጠሉን ያረግፍ ጀመር። ሥሩ ሸክላውን ሞልቶ ውሃ አላስገባ ብሏል። ወደ አዲስ ሸክላ ካልተዛወረ መድረቁ ነው።

ተራውን የሚጠብቀው የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ፣ ጎሚስታው፣ አግዳሚው ላይ ሆኖ ሳቀ። "ጋሼ፣ እዚህ መቆረጥ ስጀምርም ይህንኑ ያህል ነበር። እኔ ሸበትኩ፣ እሱ ፈቅ አላለም። ቀለቡን ማን እየበላበት ነው?"

"ማሳደጉንማ ማንም ያሳድጋል" አለ አባቷ ደረቱን ነፋ አድርጎ። "በልክ ማኖር ነው ሙያ!"

ሙያውንስ ማንም አይክደውም። ግን እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ደንበኞቹን ለልጁ ትቷል። የራሱን ጸጉር ግን መንገድ ተሻግሮ የድሮ ተፎካካሪው ዘንድ ነው የሚቆረጠው። የሰፈር ዓይን ደግሞ ምን ይስታል? "አባትሽ ያላመነሽን እኔ ላምንሽ?" ብሏት ከደጅ የተመለሰ ሰው አለ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ እንደ እሾህ ትወጋታለች።

ዛፉ ድንገት ተላቆ ወጣ። ሥሩ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ነበር። አባቷ ጎንበስ ብሎ መቀሱን ሲያስጠጋ እጁ ተንቀጠቀጠና ጫፉ ዋናውን ሥር ነካው።

"አባዬ..."

"ተይኝ! ያሳደግሁት እኔ ነኝ።"

መቀሱን አልጠየቀችውም። ዛፉን አንስታ የደንበኛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ግንዱን በነጩ ጨርቅ ሸፋፍና ማንሻውን በእግሯ እየረገጠች ወንበሩን ከፍ አደረገችው። አሁን አባቷ ክንዶቹን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ማሳረፍ ቻለ። ገባውና ሳቅ አለ።

"ጌታዬ፣ ምን ዓይነት ይሁንልዎ?" አለው ዛፉን።

"ከሥሩ ይላጭ!" አለ ጎሚስታው።

ክንዱ ሲያርፍ እጁም ረጋ። የተጠማዘዘውን በጣቱ ፈታታ፣ የበሰበሰውን ቆረጠ። አዲሱ ሸክላ ውስጥ ጠጠር የበዛበት አፈር ሞልተው ተከሉትና አጠጥተው መልሰው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

ልጅቷ ግን ዓይኗን ከዛፉ አልነቀለችም። "ይሄ የፊተኛው ቅርንጫፍ መውደቅ አለበት" አለች።

"አብደሻል? መጀመሪያ ያወጣው እሱን እኮ ነው!"

ልጅቷ ደንበኛ ሲያመነታባት እንደምታደርገው ቅርንጫፉን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ጎን ሳብ አደረገችና ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረችው። ቅርንጫፉ ሸፍኖት የኖረው ግንድ፣ እባብ እንደሚተጣጠፍ ሆኖ ከሥሩ እስከ አናቱ ታየ። አባቷ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ተመለከተ። ጎሚስታው እንኳ ቀልዱን ረሳ።

አባቷ መቀሱን በእጀታው በኩል ዘረጋላት። "ቁረጪው። አስጠግተሽ።"

ቆረጠችው። ነጭ ወተቱ ሲንጠባጠብ አባቷ ምላጭ የነካው አገጭ እንደሚይዝ በእርጥብ ጨርቅ ጫን አድርጎ ያዘው።

"ሰማህ ወይ" አለው ጎሚስታውን፤ "መቁረጥን እኔ አስተምሬያታለሁ። ማየቱን ግን ከራሷ ነው ያመጣችው። እኔ ስንት ዓመት አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም።"

ዛፉን ጥላ ያለበት ጥግ አስቀመጡት። ጎሚስታው ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ። "እንግዲህ ተራዬ ነው።"

"ቁጭ በል። ትጠብቃለህ" አለ አባቷ። ወንበሩ ላይ የቀረውን አፈር በመዳፉ ጠረገና ራሱ ተቀመጠበት። "የመስኮቱንም መጋረጃ ሰብስቢው ልጄ። ማዶ ያለውም ይይ።"

ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሰጣትና ዓይኑን ጨፈነ።