አንቀጽ ዘጠኝን የጣሱት እማማ እናኑ

1.

አንቀጽ 9፦ ከሠራተኛ በቀር ማንኛውም መንገደኛ ወደ ካፒቴኑ ክፍል መግባት ክልክል ነው። ይህን የጣሰ ለስድስት ወር ከጀልባው ይታገዳል።

2.

ትብለጥ እባላለሁ። ጣና ላይ በምትመላለስ የሕዝብ ጀልባ የመንገደኞች ሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ነኝ። አንቀጾቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በክሱ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ቦታ አልበቃኝም።

3.

ቀን፦ ቅዳሜ
ሰዓት፦ ከቀኑ ስድስት ተኩል
ቦታ፦ ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር፣ ግማሽ መንገድ ላይ
የመንገደኛ ብዛት፦ አንድ መቶ አርባ ሁለት
የተፈጠረው ነገር፦

4.

ነፋስ ተነሣ። ከፊታችን እንጨት የጫነች የደንገል ታንኳ ተገለበጠች። ቀዛፊው እጁን ከውኃው ሲያወጣ አየነው።

"ሰው ሰጠመ!"

ካፒቴን ሽባባው ሞተሩን አጠፋ። መንገደኛው ሁሉ ለማየት ወደ ቀኝ ግር አለ።

ጀልባዋ

አዘመመች።

የሽንኩርት ጆንያዎች እየተንሸራተቱ መጡ። ውኃው በጠርዙ ዘልቆ እግሬን አራሰኝ። "ተመለሱ! አንቀጽ ሰባት! ከመቀመጫ መነሣት ክልክል ነው!" ብዬ ጮኽሁ። በዚያ ሰዓት አንቀጽ የሚሰማ ጆሮ ከየት ይምጣ?

5.

እማማ እናኑን ከዚያ በፊት በመልክ እንጂ በስም አላውቃቸውም። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ የሚራመዱ የደቅ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህችው ጀልባ እየሄዱ ይጠይቋቸዋል። ሌላ መሄጃ የላቸውም።

የካፒቴኑን በር ገፍተው ገቡ። ድምፅ ማጉያውን አነሡ።

"በየቆማችሁበት ቁጭ በሉ። እንዳትሮጡ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እጅ ያዙ።"

አልጮኹም። ልጆቻቸውን ለምሳ የሚጠሩ ይመስሉ ነበር።

6.

ቁጭ አሉ።

ሁሉም።

አንድ ወታደር የማያውቃቸውን መነኩሲት እጅ ይዞ ተቀመጠ። "በሉ አሁን ከግራ የመጣችሁ፣ በቂጣችሁ እየተንፏቀቃችሁ ተመለሱ" አሉ እማማ። ተንፏቀቁ። ማንም አልሳቀም። ጀልባዋ ቀስ እያለች ቀና አለች።

ቀዛፊውን በገመድ ጎትተን አወጣነው። ከእሱ ሳል በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ጸጥታ።

በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ያን ያህል ሰው እንዲያ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልሁ።

7.

የተከሳሽ ቃል

ጥያቄ፦ እማማ፣ መግባት ክልክል መሆኑን አላነበቡም?

መልስ፦ ማንበብ አልችልም ልጄ። የተዘጋ በር ግን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ገቡ?

መልስ፦ የእኔ ድምፅ አይበቃም። የሚበቃው እዚያ ውስጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ለስድስት ወር ቢታገዱስ?

መልስ፦ (ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ አዩ።) ባለቤቴ ቅዳሜ ሲሆን ከበሩ ላይ ዓይኑን አይነቅልም።

ካፒቴን ሽባባው በመስኮቱ ብቅ አለ። "ዓይኔ እያየ ነው የገቡት፤ አልዋሽም፣ ጻፊው። ሽባባው ያመሰግናቸዋል ብለሽም ጻፊ።"

"ለእሱ ቦታ የለውም" አልሁት።

8.

ወደቡ ደረስን። ገመዱ ታሰረ። መውረጃው ተዘረጋ።

ማንም አልተነሣም።

ያ ሁሉ ሰው እጅ ለእጅ እንደተያያዘ እማማ እናኑን ይጠብቃል። እሳቸው ደግሞ ቅጹን የያዘውን እጄን ያያሉ።

"ልጄ፣ ተነሡ ልበላቸው? ወይስ የምትያቸው አንቺ ነሽ?"

መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እስክሪብቶዬ የውሳኔው መስመር ላይ ነው።

"እማማ" አልኋቸው፤ "እርስዎ ይበሏቸው፤ ለሚመጣው ቅዳሜም ቦታዎን እይዝልዎታለሁ" ብዬ የውሳኔውን መስመር ባዶ ትቼ ቅጹን ወደ ጀርባው ገለበጥሁት።