አሥራ አንድ ሜትር ኬብል

ልብስ ሰፊዋ ቅዳሜ ጠዋት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ወደ መለዋወጫ ሱቁ ስትገባ፣ ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መሳቢያ ለመሳቢያ መነጽሩን ይፈልግ ነበር።

“ግንባርህ ላይ ነው” አለችው።

“ዐውቃለሁ፤ ሌላኛውን ነው የምፈልገው” አለ። ውሸቱን ነው፤ ሌላ መነጽር የለውም።

የሚተዋወቁት በባሏ በኩል ነው። ባሏ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ በገዛ ሬዲዮው በየአገሩ ካሉ ሰዎች ጋር የሚያወራ አማተር። ሻጩም እንደዚያው ነው። ሁለቱ በእግር አምስት ደቂቃ ተራርቀው እየኖሩ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ሲጨቃጨቁ ኖረዋል። ሰኞ፣ ባሏ ካረፈ ድፍን ዓመት ይሞላዋል።

አማተሮቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በአየር ይገናኛሉ። በሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ አስተባባሪያቸው ናት፤ የእያንዳንዱን የጥሪ ኮድ በተራ ትጠራለች፣ የተጠራውም “አለሁ” ይላል። ከመካከላቸው ሰው ሲሞት ኮዱን ወዲያው አይሰርዙትም። ዓመት ሙሉ በተራው ይጠራል፣ ሁሉም ለሦስት ሴኮንድ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ዓመቱ ሲሞላ ተራው ይዘጋል። ከሟቹ ቤት ሰው ተፈትኖ ፈቃድ አውጥቶ በዚያ ዝምታ ውስጥ “አለሁ” ካለ ግን ተራው ለእሱ ይተላለፋል።

ልብስ ሰፊዋ ያንን የሦስት ሴኮንድ ዝምታ ሃምሳ አንድ ቅዳሜ አዳምጣለች። በመካከሉ የባሏን የሬዲዮ መጻሕፍት ስፌት መኪናዋ ላይ ደግፋ ስታነብ ከርማ፣ ፈተናውን አንዴ ወድቃ በሁለተኛው አልፋ፣ የራሷ ኮድ ባለፈው ማክሰኞ እጇ ገባ። ዛሬ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ለመስማት ግድግዳ ላይ የተዘረጋ ተራ ሽቦ ይበቃል፤ ለመናገር ግን ሬዲዮውን ጣሪያው ላይ ካለው አንቴና ጋር የሚያገናኝ ጤነኛ ኬብል ያስፈልጋል። የድሮው ውኃ ገብቶበት በስብሷል።

“አሥራ አንድ ሜትር ኬብል፣ ሁለት ማገናኛ” አለች።

ሻጩ ከጥቅልሎቹ አንዱን ሳበ።

“እሱ የቴሌቪዥን ነው። የእኛን ሬዲዮ፣ ሃምሳ ኦሙን ስጠኝ።”

ሻጩ ቀና ሲል መነጽሩ ከግንባሩ ተንሸራቶ ዓይኑ ላይ ዐረፈ። “ባልሽ ይህን ለመለየት ሁለት ዓመት ነው የፈጀበት!”

“እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት የፈጀብህ አንተን ነው ይል ነበር።”

“ኧረ እግዜር ይይለት!” አለና ሳቀ። “በይ፣ ለክፉም ለደጉም አሥራ ሁለት ላድርግልሽ።”

“አርባ ዓመት የሰው ትከሻ ስለካ ኖሬ አንድ ኬብል ያቅተኛል? አሥራ አንድ ብያለሁ።”

ማገናኛ የቀረው ሁለት ብቻ ነበር። በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጣት ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እነዚህን ካበላሸሻቸው ሌላ የሚመጣልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቼ እሰማለሁ።”

ቤት ስትደርስ የባሏ ታናሽ ወንድም በር ላይ እየጠበቃት ነበር። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ “ሮኬት” ይሉታል። ስለሚፈጥን አይደለም፤ በእሱ አውቶቡስ የተሳፈረች ሴት ሹራብ ጀምራ ሳትወርድ ትጨርሳለች ስለሚባል ነው።

“እትዬ፣ ዛሬ እንደ ረዳት ቁጠሪኝ” አለ። “አዘዝሽኝ፣ አደረግሁ።”

“ያዝ ስልህ ያዝ፣ ልቀቅ ስልህ ልቀቅ። ሐሳብ እንዳታመጣ።”

ባሏ ሬዲዮውን ያስቀመጠው በክፍሉ ጨለማ ጥግ፣ ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያው ሥራ ጀመሩ። ሮኬት ኬብሉን ያዘ፣ እሷ የጥቁሩን ላስቲክ ጫፍ በምላጭ ዙሪያውን ገፈፈችው። ከሥሩ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን የመዳብ መረብ፣ ከመረቡ ሥር ነጭ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲኩ ውስጥ አንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ወጣ። ሽቦውን በማገናኛው አፍንጫ አሾልካ፣ መረቡን በወገቡ ዙሪያ አስተኝታ፣ በጋለው መበየጃ የብየዳውን እርሳስ አቀለጠችበት። እርሳሱ እንደ ውኃ ፈሰሰና አብረቅርቆ ረጋ።

“ምን ያለ እጅ ነው!” አለ ሮኬት።

“መርፌ ስትጋል ማለት ነው፤ ሌላ አይደለም” አለች፤ ደስታዋን ግን ልትደብቀው አልቻለችም።

የተበየደውን ጫፍ ሮኬት ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ። እንደ ልማዱ በዝግታ ወጣ፣ በዝግታ ከአንቴናው ጋር አጠበቀ፣ የቀረውን በመስኮቱ ለቀቀላት። እሷ ሁለተኛውን ጫፍ ገፈፈች፣ አስተካከለች፣ በየደች። ከመጀመሪያውም ያማረ ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሮኬት ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

“እትዬ፣ ይሄ ዳዶ የምንድን ነው?”

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አየችው። ማገናኛውን ከሬዲዮው ጋር የሚያጠብቀው ዳዶ ነው። የመጀመሪያውን ጫፍ ዳዶ አስታውሳ ነበር፤ ይሄኛው ግን ከብየዳው በፊት ኬብሉ ላይ መጠለቅ ሲገባው ተረስቷል። አንዱ ጫፍ ጣሪያ ላይ ታስሯል፣ ሌላው ተበይዷል፤ አሁን ከየትም በኩል አይገባም።

ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ካርቶን አየች። ባሏ ለራሱ በቀይ ቀለም የጻፈው ነው፤ “መጀመሪያ ዳዶው!!!” ይላል፣ በሦስት ቃለ አጋኖ። በዚህ ስሕተት ሲናደድ፣ ሲራገም፣ ኬብል ሲወረውር ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! “የተማረ ሰው እንዴት ዳዶ ይረሳል?” ብላ ስንት ጊዜ ስቃበታለች! ካርቶኑን በየሳምንቱ አቧራውን የምትጠርገው እሷው ናት።

ሳቋ ከየት እንደ መጣ አላወቀችም። ወንበር ላይ ዘጭ አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። በዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ከሳቀች ዓመት አልፏታል። ሮኬት መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ እሱም ተከተላት።

“በቃ!” አለች በመጨረሻ ዓይኗን እየጠረገች። “የተበላሸ ስፌት ይተረተራል። መቁረጫውን አቀብለኝ።”

ማገናኛውን ከነጫፉ ቆረጠችው። በጉጠት ይዛ እርሳሱ እስኪቀልጥ አጋለችው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መታ ስታደርገው ትኩሱ እርሳስ ወለሉ ላይ ተፈናጠረ፣ ሮኬትም በሕይወቱ ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ወደ ኋላ ዘለለ። የቀረውን ሽቦ ነቅላ አጸዳችው። ዳዶውን አጠለቀች፣ ሁለት ጊዜ ነካካችው፣ በየደች። ለአሥር ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀር ኬብሉን ወደ ሬዲዮው ሳበችው።

አንድ ስንዝር አጠረ።

“አሥራ ሁለት ሜትር ቢሆን ኖሮ…” ብሎ ጀመረ ሮኬት።

“ሐሳብ አታምጣ ብዬሃለሁ! ጠረጴዛውን አንሣ!”

ጠረጴዛው ከነሬዲዮው የድንጋይ ያህል ይከብድ ነበር። እየገፉ፣ እየጎተቱ፣ እየተሰዳደቡ ወደ መስኮቱ አደረሱት። ኬብሉ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ዳዶው ጠበቀ። ሃያ ሰባት ዓመት ጥግ ውስጥ የኖረው ሬዲዮ የቀን ብርሃን ሲያገኘው አቧራው ሁሉ ተቆጠረ። ልብስ ሰፊዋ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋው ተቀመጠች።

አስተባባሪዋ ጥሪውን ጀምራ ነበር። አራተኛ። አምስተኛ። ስድስተኛው “አለሁ” አለ። ከዚያ የባሏን ኮድ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብላ ጠራችው።

ዝምታው መጣ።

ልብስ ሰፊዋ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫነች። ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች። ከዚያ “አለሁ” አለች። “ከዚሁ ቤት ነኝ። ሚስቱ ነኝ።” የራሷን ኮድ ጠራች፣ አንድም ፊደል ሳትስት።

ጠበቀች። የሚመልስ የለም። እስከ አምስት ቆጠረች፣ እስከ አሥር ቆጠረች።

“አልሰሙኝም” አለች ወደ ሮኬት ዞራ። “ያ መነጽራም! መጋዘን ውስጥ የሻገተ ኬብል አስታቀፈኝ እኮ!”

“እትዬ…”

“አንተ ዝም በል! አዋላጇም ብትሆን ጆሮዋ ሳይደነቁር አልቀረም። ዓመት ሙሉ ለፍቼ…”

“እትዬ፣ ጣትሽ! ጣትሽን አንሺ!”

ዝቅ ብላ አየች። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነጭ እስኪሆን ተጭኗል፤ ቀዩ መብራት በርቷል። ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስ ከውጭ ምንም አይገባም፤ ክፍሉ ውስጥ የተባለው ሁሉ ግን ወደ አየር ይወጣል። ትኩስ ካውያ እንደ ነካ ሰው ጣቷን አነሣች።

የስንት ከተማ ሳቅ ተደራርቦ ክፍሉን ሞላው። ከመሃሉ የሻጩ ድምፅ ተለይቶ ወጣ፤ “ኬብሉ አዲስ ነው! መነጽራምነቴን ግን አልክድም።”

“ጸጥታ፣ ጸጥታ! በየተራ!” አለች አስተባባሪዋ፤ እሷም ግን ትንፋሿን መሰብሰብ አቅቷታል። “ሰባተኛ ተራ፣ ደንቆሮዋ አዋላጅ አጥርታ ሰምታሻለች። ተራው በስምሽ ተመዝግቧል። የቀረ ስድብ አለሽ?”

ልብስ ሰፊዋ ሮኬትን አየችው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ የሚያለቅስ ይሁን የሚስቅ አይለይም። ቁልፉን በጥንቃቄ ተጫነች።

“ለዛሬ ይበቃል” አለች፤ ለቀቀችም።

“ስምንተኛ ተራ” አለች አስተባባሪዋ። ስምንተኛው ግን ሳቁ አላናግር ብሎት “አለሁ” ለማለት ጊዜ ወሰደበት።