ጥላ ያረፈበት ጭፈራ

በአድባር የማያምን ሰው ለአድባር ቢጨፍር፣ ጭፈራው ይቆጠርለታል?

ክሪት ከባንኮክ በባቡር ሲመጣ መንገዱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር፤ አዩታያ ጣቢያ ሲወርድም መልስ አላገኘለትም። ነገሩ የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትቶት ይተኛ ነበር። ግን እናቱ ላማይ ባንኮክ ሆስፒታል ተኝታ፣ የልብ ቀዶ ሕክምናውን ወረቀት አልፈርምም ብላለች። ምክንያቷ አጭር ነው። ያልተከፈለ ስእለት አለባት፤ ስእለት ይዞ ቢላ ስር የተኛ ሰው አይነሳም። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ቀጠሮ አዛውሮላታል። ነገ ከሰዓት ካልገባች ተራው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል፣ የእሷ ልብ ደግሞ ሌላ ተራ የሚጠብቅ ልብ አይደለም።

ስእለቱ የተገባውም ሰው በሚያውቀው ቤተ መቅደስ አይደለም። አዩታያ ውስጥ ከፈራረሱት የጡብ ማማዎች ጀርባ አንድ ርካሽ ሆቴል አለ። ላማይ ልጇ ተማሪ ሳለ አልጋ ስታነጥፍ የኖረችው እዚያ ነው። በሆቴሉ በር በአንዲት ምሰሶ ላይ የቆመች የአድባር ጎጆ ነበረች፤ ሠራተኛው ሁሉ የቦታውን አድባር "አያታችን" ይለዋል። ላማይ አንድ ቀን ጎጆዋ ስር ተንበርክካ፣ የልጄን ነገር ካሳካህልኝ ራሱ መጥቶ፣ አንድ ሌሊት ጣሪያህ ስር አድሮ፣ ፊትህ ይጨፍርልሃል አለች። ክሪት መጀመሪያ ሌላው ሰው እንደሚያደርገው ጨፋሪ ሴቶች ቀጥሮ ሊልክ አስቦ ነበር። እናቱ የኦክስጅን ጭምብሏን ገለጥ አድርጋ፣ "ቃል የገባሁት ያንተን እግር ነው" አለችው።

ክሪት ስኮትላንድ ውስጥ የወንዝ ጎርፍ አጥንቶ፣ ዶክትሬቱን ይዞ ከተመለሰ ዓመት አልፎታል። ባንኮክ በጊዜያዊ ውል ያስተምራል። ስኮትላንድ ሳለ የዚህን ሙቀትና የዚህን ምግብ ሲያስብ ኖረ፤ እዚህ ከመጣ ወዲህ ደግሞ የዚያን ብርድና ዝምታ ያስባል። ስልኩ ውስጥ ከስኮትላንድ የመጣ የሥራ ግብዣ አለ። እሺም እምቢም አላለም፣ ለእናቱም ለእህቱም አልነገረም።

የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ፕራሶፕ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ሆነው ገና ሲያዩት አወቁት።

"የላማይ ልጅ አይደለህ? ወፍረሃል" አሉት።

አመሰገናቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ክፍሉ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳ ነው። ሙቅ ውሃ ሲከፈት መብራት ይጠፋል፣ መብራቱ ሲመለስ ውሃው ይቀዘቅዛል። አየር ማቀዝቀዣው ውሃውን ወደ ውጭ መጣሉን ትቶ ትራሱ ላይ ይጥላል። ክሪት ወርዶ ተናገረ፤ ባልዲ ላኩለት። አልጋውን ለመግፋት ቢሞክር አልጋው ከግድግዳው ጋር በቡሎን የታሰረ ነው። እንደገና ወርዶ ተናገረ፤ ሁለተኛ ባልዲ ላኩለት። በሦስተኛው ሌላ ክፍል ይሰጡኝ አለ። ጋሽ ፕራሶፕ ባዶ ክፍል አለ፣ ግን በኮሪደሩ ጫፍ ያለው ነው፣ የጫፍ ክፍል መንፈስ ያድርበታል፣ እዚያ ሰው አላስተኛም አሉት። ክሪት እኔ ለእንዲህ ያለ ነገር ግድ የለኝም ቢል፣ "አንተ ግድ የለህም፣ እኔ ግን አለኝ። እናትህ ብትሰማ ምን ትለኛለች?" ብለው የክፍሉን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ።

ወደ ባልዲዎቹ ተመለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ፣ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ልጅ ሳለ ከእናቱ የተማረው ነው፤ ሰው ወደማያውቀው ክፍል ሲገባ ውስጥ ላሉት መናፍስት አንኳኩቶ ያስታውቃል። ያንኳኳውን እጁን አየውና በራሱ ተናደደ። ያን ሌሊት በባልዲው ጠብታና በራሱ ንዴት መሃል እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም።

ጠዋት የአበባ ጉንጉኑን፣ ሙዙንና የመጠጫ ገለባ የተሰካበትን ቀይ ለስላሳ ይዞ ወደ በሩ ወጣ። ጎጆዋ የለችም። በነበረችበት ቦታ አንድ ሚኒባስ ቆሟል።

ጋሽ ፕራሶፕ በኩራት አስረዱት። መኪና ማቆሚያ ሲሠራ አያታችን በጎን በኩል፣ ግድግዳው ስር፣ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጣቸው። እንዲሁ ተነቅለው አይደለም፤ ነጭ የለበሰ አዋቂ መጥቶ፣ ቀኑም ሰዓቱም ተመርጦ፣ የአሳማ ራስ ቀርቦላቸው ነው። ክሪት ወደ ጎን ዞሮ አየ። ጎጆዋ አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ የየክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ሙቀቱን በሚተፋበት ግድግዳ ስር ቆማለች። የአያታችን ኑሮ ከእሱ ክፍል ይሻላል ለማለት ያስቸግራል።

ቁምጣ ለብሶ አይሆንም ተባለና የጋሽ ፕራሶፕን ሱሪ ተዋሰ። ወገቡ ላይ አልዘጋ ሲለው በገመድ አሰረው። ከእናቱ ጋር የሠሩት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ቡንሊያም የታመመ እግራቸውን ዘርግተው፣ ባልዲ ገልብጠው ምት ጀመሩ። ክሪት የሚያውቀው ጭፈራ አንድ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ የሚማረው ራምዎንግ፣ ጣትን ወደ ኋላ እያጠፉ ክብ የሚዞሩበት። በወፈረ ሰውነትና በገመድ በታሰረ ሱሪ ክቡን ዞረ። የሆቴሉ ዘበኛ በስልክ ቀረጸው። ሻንጣ ያዘሉ ሁለት ፈረንጆች ለቁርስ ሲወርዱ አይተውት ቆሙና አጨበጨቡ፣ ከዚያም ትርዒቱ ጠዋት ጠዋት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። አይደለም አላቸው። ከሁለቱ ሴቷ እንግሊዝኛህ በጣም ጥሩ ነው አለችው። ጥርሱን ነክሶ አመሰገናት።

ቪዲዮውን እናታቸውን ለምታስታምመው እህቱ ለኦራፒን ላከ። ወዲያው ተደወለለት፤ የደወለችው ግን እናቱ ራሷ ነበረች።

"ክሪት፣ ጎጆዋ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?"

"ጥላ ነው እማ።"

"የምን ጥላ?"

"የሆቴሉ።"

ከጀርባዋ የሆስፒታሉ መሣሪያ ሲጮህ ይሰማል።

"የሆቴሉ ጥላ አያታችን ራስ ላይ ተጋድሞ አንተ ፊታቸው ትዘላለህ?"

"አልዘለልኩም፤ ጨፈርኩ።"

"ጥላ ስር ነህ ተብሎ የሚደሰት ሽማግሌ የት አይተሃል? እንደገና ጨፍር። ጥላው ሲነሳ።"

ስልኩን ኦራፒን ተቀበለቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወረቀቱ አሁንም አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠ፣ ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ እንደተመለሰች፣ የሚያደርገውን ሁሉ ቶሎ እንዲያደርግ ነገረችው።

ክሪት ወደ ጋሽ ፕራሶፕ ሄዶ የሕንፃ ጥላ በአድባር ጎጆ ላይ እንደማይጣል ሕፃን እንኳ ያውቃል አላቸው። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ገረመው፤ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ቤት ከተናገረው ሁሉ በሙሉ ልቡ የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ሽማግሌው ተቆጡ።

"የጠዋት ጥላ ነው። የጠዋት ጥላ ቀላል ነው" አሉ። "ፀሐይ ጣሪያውን ስታልፍ ይነሳል።"

"መቼ ነው የምታልፈው?"

"ከቀትር ትንሽ ቀደም ብላ።"

እትዬ ቡንሊያም ደግሞ ከባልዲያቸው ላይ ሆነው፣ ከቀትር በኋላ አያታችን ምንም እንደማይቀበሉ አስታወሱ። እንግዲህ ጥላው ተነስቶ ቀትር እስኪሆን ባለችው ቀጭን ክፍተት መጨፈር አለበት ማለት ነው። እስከዚያው ሱሪውን ይዞ መቀመጥ ነው። ጎጆዋን ትንሽ ወደ ፊት ብንገፋትስ ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም እንዳበደ ሰው አዩት። አዋቂው ሳይጠራ? ሰዓት ሳይመረጥ? አዋቂው የት ነው ቢል ቺያንግ ማይ፣ ልጁን ሊድር ሄዷል አሉት።

ተቀመጠ። ጥላው እንደ ኤሊ ይሄዳል። የጉንጉኑ አበባ በማቀዝቀዣዎቹ ትንፋሽ መጠውለግ ጀመረ። ኦራፒን በየጊዜው "እንዴት ነው?" ብላ ትጽፋለች፣ እሱ የጥላውን ፎቶ ይልክላታል። እንዲህ እንደተቀመጠ ነው እትዬ ቡንሊያም እናቱ የተሳለችበትን ቀን ማውራት የጀመሩት፤ እንዴት እንዳለቀሰች፣ ዕጣኑን እንዴት እንደለኮሱላት። አንተ ከሄድክ በኋላ በመጀመሪያው ዝናብ ነበር አሉ።

"ከመሄዱ በፊት እንጂ" አሉ ጋሽ ፕራሶፕ። "ወደ ውጭ ለሚያስኬደው ፈተና ነው የተሳለችው። በረንዳ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።"

"እርስዎ ደግሞ ምኑን ይሰማሉ፣ ሬዲዮዎን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው።"

"እንዲያልፍ ነው ያለችው።"

"እንዲመለስ ነው ያለችው። መልስልኝ ብቻ፣ ሌላ አልፈልግም። ይህን ነው ያለችው።"

"መልስልኝ ያለችው ሌላዋ ናት። ያቺ ባሏ ታይዋን የሄደባት።"

ክርክሩ ወደ ታይዋኑ ባል አለፈ። ክሪት ግን እዚያው ቀረ። ስእለቱ ለመሄዱ ከሆነ፣ እሱ ዛሬ የሚከፍለው ያለፈ ውለታ ነው፤ ጨፍሮ፣ አመስግኖ፣ በማግስቱ እመጣለሁ ብሎ ወደ ስኮትላንድ ሊጽፍ ይችላል። ለመመለሱ ከሆነስ? ያኔ ጭፈራው ልጅሽ ተመልሷል፣ ተረክበሻል ብሎ መፈረም ነው። ፈርሞ ደግሞ እንዴት ይሄዳል? በአድባር የማያምን ሰው በዚህ መጨነቁ ሞኝነት እንደሆነ ያውቃል። ማወቁ ግን ምንም አልረዳውም።

የጥላው ጫፍ ከጎጆዋ ጣሪያ ሊወርድ ትንሽ ሲቀረው፣ ከወንዙ በኩል የመጣ ጥቁር ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት።

ጥላውም ጠፋ። የሆቴሉም፣ የሚኒባሱም፣ የሁሉም።

"አሁን ጨፍር" አሉ እትዬ ቡንሊያም ባልዲውን እየገለበጡ።

"የታለ የተነሳው? ጥላውማ አለ፤ የማይታይ ነው እንጂ" አሉ ጋሽ ፕራሶፕ።

"ጥላ ካልታየ የለም ማለት ነው፣ ጋሽ ፕራሶፕ። ጥላ ማለት ይኸው ነው" አለ ክሪት። የድምፁን ከፍታ ፈረንጆቹ ሳይቀሩ ሰምተው ዞሩ።

"ፀሐይ ብትወጣ የት ያርፋል? እዚያው ነው። ስለዚህ እዚያው አለ።"

ክሪት ወንዝ የት እንደሚደርስ ለማስላት ብዙ ዓመት ያጠፋ ሰው ነው፤ ይህን ግን ለማስላት አልሞከረም። ለእናቱ በቪዲዮ ደወለና ስልኩን ወደ ጎጆዋ አዞረ። ጥላ ታያለሽ ወይ አላት። አተኩራ አየች። ነርሷ ሳትመጣ አልቀረችም፣ ኦራፒን አንድ ጊዜ ብላ ስትለምን ይሰማል።

"አላይም" አለች ላማይ። "ቶሎ በል፣ ቀትር ሳይሆን።"

ስልኩን ለዘበኛው ሰጠና ጀመረ። ገና ግማሽ ክብ ሳይዞር ዝናቡ ወረደ። ቀይ ለስላሳው በውሃ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ሱሪው ከብዶ ገመዱን ይጎትት ጀመር። አንድ እጁ ሱሪውን ይዞ፣ በሌላው ጣቶቹን እያጠፈ ዞረ። ጋሽ ፕራሶፕ ክርክራቸውን ረስተው ጃንጥላ ይዘው ወጡ፤ የዘረጉት ግን ለእሱ ሳይሆን ለጎጆዋ ነበር። እትዬ ቡንሊያም ባልዲውን መምታት አላቋረጡም። በስልኩ በኩል የሚንተፋተፍ ድምፅ ይሰማል። ክሪት መጀመሪያ ሳል መስሎት ደነገጠ፤ ቆም ብሎ ሲያዳምጥ እናቱ እየሳቀች ነው።

"እንደ ዳክዬ ነው የምትሄደው" አለች። "አታቁም። ጨርስ።"

ጨረሰ። ተንበርክኮ እጆቹን ግንባሩ ላይ አጋጠመ። ሲነሳ ኦራፒን ስልኩ ላይ ነበረች፤ እናታቸው ወረቀቱን መፈረሟን፣ አልጋው አሁኑኑ እየተገፋ መሆኑን ነገረችው። አገናኚኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቃት አላት። አይቻልም፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ጋ ደርሰናል አለችና ስልኩ ተዘጋ።

እንደረጠበ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለእናቱ ጻፈላት። አጥፍቶ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ የላከው ይህን ብቻ ነው፦ "እማ፣ የተሳልሽው ለመሄዴ ነው ወይስ ለመመለሴ?"

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ከቀናት በኋላ ላማይ ተደግፋ ተቀምጣ ስልኳን እንደተቀበለች ኦራፒን ነገረችው፤ ክሪት ያኔ ባንኮክ ክፍል ውስጥ እያስተማረ ነበር። ስልኩን ጠረጴዛው ስር አድርጎ አየ። ከመልእክቱ ስር "ተነቧል" የሚል ቃል መጥቷል። ትንሽ ቆይታ የሆስፒታሉን የሩዝ ገንፎ ፎቶ ላከችለት፣ ጨው የለውም ብላ። ከዚያ እትዬ ቡንሊያምን እግራቸው ተሽሏቸዋል ወይ አለች። ከዚያ ሱሪውን ለጋሽ ፕራሶፕ መልሰሃል ወይ አለች። የሱሪውን ነገር መለሰላት፣ የእግሩንም መለሰላት። ለእሱ ጥያቄ መልስ አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ።