የኢዋርት ጥቁር ታርጋ

ወንድሜ ኢዋርት ታርጋውን መለሰ። ሰማንያ ሦስት ዓመት ኖሮ እንዲህ ያለ ሞኝነት ይሠራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የነገረኝ ቀን ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ረስቼው ውሃው ተኖ አለቀ።

ከመጀመሪያው ልናገር። ኢዋርት የግዛታችንን የመኪና ታርጋዎች ይሰበስባል። መጋዘኑ ውስጥ አንድ ግድግዳ ሙሉ ሰቅሏቸዋል። ከላይ ፊደል የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ የሆኑት አሉ። ከእነሱ አንዱ የአባታችን ነው። ቀጥሎ ነጭ ጽሑፍ ያላቸው ጥቁሮቹ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ነጭ ታርጋ ላይ በአረንጓዴ መጻፍ ጀመረ፤ ከሥሩም መፈክር አስገባበት። መጀመሪያ «የአትክልት ግዛት» አለን። እኛ የምንኖረው አሸዋ ላይ ነው፤ በዚያ ዘመን በድርቅ ጊዜ መፈክሩን ለማንበብ መጀመሪያ አቧራውን መጥረግ ነበረብህ። ቀጥሎ «በጉዞ ላይ» አሉን። አልዋሹም፣ ባንኩም ሄደ፣ ባቡሩም ሄደ፣ ወጣቱም ሄደ። በኋላ ጽሑፉ ሰማያዊ ሆነና «ንቁ ሁኑ፣ በሕይወት ቆዩ» ብለው መከሩን። «የትምህርት ግዛት» የሚለው ሲወጣ የከተማችን ትምህርት ቤት ዘጠኝ ተማሪ ነበረው። ኢዋርት ግን በአንዱም አይስቅም። ሁሉንም በሳሙና አጥቦ፣ ቀጥ አድርጎ ይሰቅላቸዋል።

ሕጉ ታርጋው የመንግሥት ነው፤ መኪናህን ከመንገድ ስታወጣ መልስ ይላል። እኛ ጋ ማንም አይመልስም። ሁሉም «ጠፋብኝ» ብሎ ይፈርምና በታርጋው የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ይደፍንበታል። ኢዋርት ሃምሳ ዓመት በየዶሮ ቤቱ እየዞረ፣ በምትኩ አዲስ ቆርቆሮ እየመታ ነው የሰበሰባቸው። የግዛታችን ታሪክ የተረፈው በዋሾዎች ቸርነት ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ጎድሎት ነበር። የፊቱም የኋላውም ሳይለያይ የቆየ ጥቁር ጥንድ አላገኘም። በከተማው ያለው እንዲህ ያለ ጥንድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ኢዋርት ራሱ ከስልሳ ዓመት በፊት አዲስ በገዛው ፒክአፕ ላይ ነበር። ከተማው ስብስቡን በአዳራሽ ለማሳየት ቀን ሲቆርጥለት፣ የመሀሉን ቦታ ለዚያ ጥንድ ክፍት ተወለት።

በዚያው ሰሞን የዓይን ሐኪሙ መንዳት ይበቃሃል አለው። መንጃ ፈቃዱን ወዲያው አስረከበ። የጨነቀው ሌላ ነገር ነው። እኛ ጋ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ ነጂው አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ ያደርጋል። ሰላምታችን እሱ ነው፤ የማያነሳ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ተቀይሟል። የኢዋርትን ፒክአፕ ደግሞ ሁሉም በጥቁር ታርጋዋ ከሩቅ ያውቃታል።

«ኡና» አለኝ አንድ ቀን ሎሚ እየለቀምን፣ «ሰው እኮ ሰላም የሚለው ታርጋውን ነው። ነገ በእግሬ ስሄድ ማን ያውቀኛል?»

«ይህን አፍንጫ ማን አያውቀውም ብለህ ነው?» አልኩት።

አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው የምሩን እንደፈራ የገባኝ።

በሳምንቱ ፒክአፗን ከመዝገብ ሊያሰርዝ ብቻውን በአውቶቡስ ወደ መኪና ጽሕፈት ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ጨዋ ነበረች። «ታርጋው ጠፍቶ ከሆነ እዚህ ጋ ምልክት ያድርጉ አባባ» ብላዋለች። «አልጠፋም» አላት። ልጅቷ ደገመችለት፤ «ብዙ ሰው ይጠፋበታል።» እሱ ግን ቦርሳውን ከፍቶ፣ በጋዜጣ የጠቀለላቸውን ሁለቱን ታርጋዎች አውጥቶ አስረከባት። አጥቧቸው ነበር። እሷም የሚጨፈለቁ ታርጋዎች ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው።

«አንተ ደረቅ!» ብዬ ጮህኩበት። «ዕድሜ ልክህን የሰው ውሸት ስትሰበስብ ኖረህ፣ ለራስህ አንዲት ውሸት አቃተችህ?»

«ሌሎቹ ጠፋብን አሉ» አለ። «የእኔ አልጠፋም።»

ሂድልኝ ብዬ አባረርኩት። ሲሄድ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ሞላ። በግድግዳው መሀል ባዶ ቦታ አለ፤ ከሥሩ ኢዋርት በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ጥቁር። ለባለቤቱ ተመልሷል።» ሰው እያነበበ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ፈቀቅ ይላል። ከየዶሮ ቤቱ ታርጋ የሰጡት ሰዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ አፍረው አንዳቸውም ዓይኑን ማየት አልቻሉም። እሱ ደግሞ ያልፈለጉት መሰለው።

«ወደ ቤት በእግራችን እንሂድ» አለኝ። ሰው በእግሩም ያውቀው እንደሆነ ሊፈትን እንደፈለገ አወቅሁ። ከዘራውን ይዞ በመንገዱ ዳር ያዘግማል፤ ከፊት ለፊት አቧራ ሲነሣ ቆመ።

«የማን ነው?»

«የሌስ ፒካርድ።»

«ጣቱን ሲያነሳ ንገሪኝ። እኔ አይታየኝም።»

ጎረቤታችን ሌስ ባያነሳም አነሳ ልለው ቆርጬ ነበር። በዚህ ከተማ ውሸት ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው? መኪናው ቀረበ። ሌስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከዚያ ባርኔጣውን ከራሱ አወለቀና ሙሉ እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ እስኪያልፈን ድረስ ከፍ አድርጎ ያዘው።

«እሺ?» አለኝ ኢዋርት።

«እጁን አነሳ። ሙሉ እጁን። ባርኔጣውንም አወለቀ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ሌስ ፒካርድ ባርኔጣውን ለቀብር እንኳ አያወልቅም። ኡና፣ እባክሽ አትዋሺኝ።»

ብምልም አያምነኝም። አቧራው እስኪበርድ ጠበቅሁ።

«እሺ በቃ፣ ዋሸሁህ» አልኩት። «አንድ ጣት ነው።»

«እንደሱ በይኛ!» አለ፤ ፊቱም በራ። ሌስ የሄደበትን አቧራ እያየ፣ ከከዘራው እጀታ ላይ አንድ ጣቱን ብድግ አደረገ።