የአባዬ ሱሪ እጥፍ

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሚባለው የእኛን ሥራ አይተው ሳይሆን አይቀርም። እኔና አባቴ በጥብቁ ደን ውስጥ መጤ አረም እንነቅላለን። አበባው ቢጫ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ባረፈበት ቦታ ግን ሌላ ሣር ዝር አይልም። አንዱን ዳገት አጽድተን ወደ ሌላው ስንዞር የፊተኛው ከኋላችን ያቆጠቁጣል። እጄ ከመሻከሩ የተነሳ ፊቴን ስታጠብ ይቧጭረኛል።

አረሙ ያልነካው ከላይ ያለውን የምንጩን ዙሪያ ብቻ ነው። አባዬ ይህን ቦታ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። ደንቡ የእሱ ነው፦ ጠዋት ከንጹሑ ጀምሮ ወደ ታች መውረድ እንጂ ከታች ሠርቶ ወደ ላይ መውጣት የለም። ወደ ምንጩ በሚያስገባው በር ላይም፣ ዘር ይዞ እንዳይገባ ጫማውን በብሩሽ ያልጠረገ አያልፍም። አንዴ ኃላፊያችንን እንኳ ከመኪና አስወርዶ አስጠርጓታል። ከዚያ ወዲህ ስሙ "ኬላው" ሆኖ ቀረ።

ጉልበቱ ግን አልቋል። ሐኪሙ "ይብቃዎት" ብሎታል፤ እናቴም ለፍልፋ ደክሟታል። እሱ "ምንጩ ንጹሕ ነው ሳይባል አልወርድም" ይላል። ንጹሕ ለመባል ደግሞ ሦስት ክረምት በተከታታይ አንድም ቡቃያ መገኘት የለበትም። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ትላለች እናቴ። ዘንድሮ ሦስተኛው ክረምት ሲወጣ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር አወጣችለት።

የፍተሻው ቀን እኔ ቀድሜ ወጣሁ። አባዬና ኃላፊያችን ከኋላ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። ምንጩ አጠገብ አባዬ ምሳውን የሚበላበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ከድንጋዩ ሥር፣ እግሩን በሚዘረጋበት በኩል፣ ጣት የማያህሉ አምስት ስድስት ቡቃያዎች በቅለዋል። ቅጠሉን ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ክው አልኩ። ያ ወንበር ትዝ አለኝ። ነቃቅዬ ኪሴ ከተትኩና አፈሩን በጫማዬ ደለደልኩት።

ኃላፊዋ እያለከለከች ደረሰች። "እህሳ፣ ንጹሕ ነው?"

"ንጹሕ ነው" አልኩ።

"እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! እንግዲህ እርስዎም ይረፉ፣ እኛም ከብሩሽዎ እንረፍ።"

አባዬ እየሳቀ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። ወዲያው ሳቁ ቆመ። አዲስ የተነካ አፈር ከእሱ ዓይን አያመልጥም። ቀና ብሎ አየኝ።

"ኪስሽ ውስጥ ምንድን ነው?"

"ምንም።"

"አውጪው ልጄ።"

አወጣሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ ገለባበጠው። "ጫማውን ሳይጠርግ የገባ ማነው?" ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ድንጋዩ የማን እንደሆነ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ የሱሪውን የታች እጥፍ ገለበጠው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ እናቴ ሱሪውን ሁሉ በሰፊው ታጥፍለታለች። ከእጥፉ ውስጥ የትናንቱ ዳገት ዘር እንደ አሸዋ ፈሰሰ።

"ኬላው ራሱ ኮንትሮባንድ ሲያሳልፍ ኖሯል" አለ። ወደ ኃላፊዋ ዞረ። "ንጹሕ አይደለም። ቆጠራውን እንደገና ከአንድ ጀምሪ።"

"ጋሼ፣ ተነቅሏል እኮ" አለች ኃላፊዋ ቀስ ብላ። "እኔ ምንም አላየሁም።"

"የተነቀለው የበቀለው ነው። ያልበቀለው መሬት ውስጥ አለ።"

"አባዬ፣ ይብቃህ!" ብዬ ጮህኩ። በእሱም፣ በአረሙም፣ በዚያ በማያልቅ ዳገትም ተናድጄ ነበር። "እኔ እየመጣሁ እነቅለዋለሁ። አንተ ውረድ።"

"እኔ የዘራሁትን?" አለ። "መቀሱን ስጪኝ።"

ቅርንጫፍ የምንቆርጥበትን መቀስ ሰጠሁት። እግሩን ወደ ራሱ ሊስብ ሞከረ፤ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ከእጁ ተቀበልኩትና ተንበርክኬ ቀኙንም ግራውንም እጥፍ እያለቀስኩ ቆረጥኩለት። ቁራጩን በፌስታል ቋጥረን ይዘን ወረድን።

ቤት ስንደርስ እናቴ ወንበሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቀናለች። ፊቷ በርቷል። የተጎራረደውን ሱሪ አየች፤ ቀጥሎ እሱን አየችው። ወንበሩን አንስታ ወደ ውስጥ አስገባች። ከዚያ ሌላውን ሱሪውን ከልብስ ገመዱ ላይ አወረደችና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ በገዛ እጇ የሰፋችውን እጥፍ መተርተር ጀመረች።