መሃሉ የጎደለው ፎቶ

ሠፈርተኛው ጋሽ አንቴና ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ሬድዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን፣ በየጣሪያው እየወጣ አንቴና ሲያቆም የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ መበየጃ አይያዝም። ሱቁን ዘጋ፣ የመሣሪያ ሣጥኑን አልጋ ሥር ከተተ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራው ግድግዳ ማየት ብቻ ሆነ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መኪናዋን ስታንቀጫቅጭ ትውላለች፤ አፏም ከመኪናዋ አያንስም። "ግድግዳው ላይ የምታየውን ፊልም ለኔም አውራኝ እንጂ" ትለዋለች። እሱ አይስቅም። እሷን ያስፈራት ይሄ ነበር። ታሞም፣ ከስሮም፣ እናቱን ቀብሮም በቀልዷ መሳቅ አቁሞ አያውቅም።

ልጃቸው የፊዚክስ አስተማሪ ናት። አንድ እሁድ መጥታ ከቦርሳዋ ከመታወቂያ የማትበልጥ አረንጓዴ ሰሌዳ አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።

"ኮምፒዩተር ናት፣ አባዬ።"

"ይቺ?"

"አዎ፣ ሙሉ ኮምፒዩተር። ዋጋዋም ከአንድ ጥንድ ጫማ ያንሳል።"

"ሽፋኗስ የታለ?"

"ሽፋን የላትም።"

"እርቃኗን ነዋ የሸጡልሽ" አለና አገላብጦ አያት። ከሚያውቃቸው ዕቃዎች አንዱንም አላገኘባትም። ድሮ አንድ ሬድዮ ሲከፍት እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ አቤት የሚለው ይመስለው ነበር። አሁን ግን ሰው በማያውቀው ሠፈር እንደገባ እንግዳ ሆነ።

ልጅቱ አንድ ወረቀትም ሰጠችው። በዚህች ሰሌዳ ቤት ውስጥ ሊሞከሩ የሚችሉ አሥር ነገሮች ተዘርዝረውበታል። አበባ ማጠጣት አንዱ ነው። እሱን ሞከሩና የሚስቱ አበባ በአንድ ቀን ውኃ ጠጥታ ሞተች። ቀጥሎ የወፍ ድምፅ እየሰማ የወፏን ስም የሚጽፍ ነበር። ሰሌዳዋ ማይክሮፎን ተሰክቶላት መስኮቱ ላይ ዋለች። ማታ ሲያዩት አርባ ሁለት ጊዜ "ግንደ ቆርቁር" ብላ ጽፋለች። በሠፈሩ ግንደ ቆርቁር የሚባል ወፍ የለም። ሰዓቱን ሲያመሳክሩት ያ ሁሉ ግንደ ቆርቁር ሚስቱ የደንበኛ ሱሪ በመኪናዋ ስትሰፋ ሰሌዳዋ የሰማችው ነው።

ጋሽ አንቴና ሳቀ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሚስቱ ስድብ ላፏ ቢመጣላትም ዋጥ አድርጋ ፊቷን ወደ መኪናዋ መለሰች፤ እሷም ዓይኗን የምትጠርግበት ምክንያት ነበራት።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን የሚያነበው እሱ ራሱ ሆነ። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። በላያችን የምታልፍ የአየር ሁኔታ ሳተላይት የምትልከውን ፎቶ መቀበል ይላል። ልጁን ጠየቃት። ሳተላይቷ ለሁለት ዓመት ሥራ ተብላ የተሠራች ናት፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሠራች። ምድርን በመቶ ደቂቃ ትዞራለች። በዙሪያዋ ሁሉ፣ ለሚሰማትም ለማይሰማትም፣ ከሥሯ የምታየውን እያነሳች ትልካለች።

"አሁንም?"

"አሁንም። እስከ ሐሙስ ድረስ። አርጅታለች ብለው ሐሙስ ሊያጠፏት ነው። በእኛ ላይ የመጨረሻ የምታልፈው ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።"

ጋሽ አንቴና ወደ አልጋው ሥር ጠቆመ። ከዚያ "ሣጥኑን አምጪልኝ" አለ።

እሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሲያዝ፣ ልጁ ጣሪያ ላይ ወጥታ አንቴናውን አቆመች። "ቀጥ አድርጊው! አሁንም ዘመም ብሏል! እንደ ወታደር!" ይላል። ስንቱን ተለማማጅ በዚህ ነገር ተቆጥቷል። የእሱ አንቴና ሲዘም ያየ ሰው በሠፈሩ የለም። ገመዱ ወረደና ፍላሽ የምታክል መቀበያ ላይ ተሰካ፤ መቀበያዋ ሰሌዳዋ ላይ፣ ሰሌዳዋ አሮጌው ቴሌቪዥን ላይ።

ሰኞ ጠዋት ከቴሌቪዥኑ የማያባራ ሹክሹክታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቅ አለ። ጢክ ጢክ፣ ጢክ ጢክ፣ ልክ እንደ ግድግዳ ሰዓት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፎቶው መስመር በመስመር፣ ሹራብ ሲሠራ እንደሚያድገው ማደግ ጀመረ። ደመና። የባሕር ጠረፍ። ከሐይቁ ግማሹ። ከዚያ ድንገት፣ ጣቢያ እንደጠፋበት ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ነገር በረዶ ሆነ። ከአራት ደቂቃ በኋላ በረዶው ተገለጠና በስተደቡብ ያሉት ተራሮች ጥርት ብለው መጡ።

"እኛስ የት ነን?" አለች ሚስቱ።

ልጅቱ በረዶውን አሳየቻት።

ማክሰኞም ያው ሆነ። ረቡዕም ያው። ሩቁ ሁሉ ይመጣል፤ ልክ በአናታቸው ላይ ስትሆን፣ በጣም በምትቀርባቸው ሰዓት፣ ትጠፋለች። ጋሽ አንቴና ገመዱን ቀየረ፣ መሰኪያውን ጠረገ፣ ሰሌዳዋን ረገመ። ረቡዕ ቀትር ላይ ቅስሙ ተሰበረ።

"ነገም እንዲህ ከሆነ" አላት ልጁን፣ "ሣጥኑን ለሙያ ትምህርት ቤቱ ስጪልኝ። ለሚችሉት ይሁን።"

እሷ ወደ ማስተማሯ ስትሄድ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ሚስቱ የቀሚስ ጠርዝ በመርፌ እያያያዘች ነበር። መርፌዎቹ መሰኪያ ትራሷ ላይ ቀጥ ቀጥ ብለው ተሰክተዋል። አንዱን ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጇ ሳተው። ደግማ ሳተችው።

"አየህ ይሄን መርፌ?" አለች። "ከጎን ሳየው ሙሉው ይታየኛል። ከላይ ሳየው ግን የለም፤ ነጥብ ነው። ያቺስ ከላይ ስትመጣ፣ አንተ እንደ ወታደር ካቆምከው ዘንግ ምን ይታያታል?"

ጋሽ አንቴና ቀስ ብሎ ዞረ። በአርባ ዓመት ሥራው ጣቢያ ሁሉ የሚልክለት ከጎን፣ ከተራራ ላይ ነበር። አንቴና ቀጥ ብሎ መቆሙም ለዚያ ነው። በአናቱ ላይ የሚያልፍ ጣቢያ አጋጥሞት አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሲመካበት የኖረው ነገር ነው መሃሉን የቆረጠበት።

"አንቺ ሴት" አለ፣ "እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?"

"እዚሁ። መች ጠየቅኸኝ?"

ሁለት የመዳብ ዘንግ አወጣ። በእሷ ሜትር እያንዳንዱን ሃምሳ ሦስት ሳንቲም ተኩል ለኩና ቆረጡ። ገመዱን ከዘንጎቹ ጋር የማያያዙ ብየዳ ላይ ሲደርሱ እጁን አየው፣ ከዚያ እሷን አያት፤ መበየጃውን ሰጣት። የመጀመሪያዋ ብየዳ ስትቀዘቅዝ ድብልብል አለች።

"ይሄ ብየዳ ነው ኪንታሮት?"

"እንደ አስተማሪዬ ነው!"

"አትቸኩዪ። ካውያሽን ለኮት እንዴት ነው የምትጠቀሚበት? መጀመሪያ ጨርቁ ይሙቅ ትያለሽ አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ብረቱ ይሙቅ፣ እርሳሱ ቀልጦ ራሱ ይገባል።"

ሁለተኛዋ ገባች። እንደ መስታወት አብረቀረቀች። ዘንጎቹን እንደ ኮት አንገትጌ ከፈቷቸውና በልብስ ማስጫው ሁለት እንጨቶች መካከል አግድም አስተኟቸው። ጋሽ አንቴና የተኛ አንቴናውን አይቶ አፈረ፤ ጎረቤት እንዳያይበት ነጠላ ሊያለብሰው ምንም አልቀረው።

ሐሙስ ልጅቱ የምታስተምረው ጠዋት ነበርና ትምህርት ቤት ነበረች። ሁለቱ ቴሌቪዥኑን ደጃፍ ላይ አውጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ያ ጢክ ጢክ ከሩቅ መጣ። ጠረፉ መጣ። የሐይቁ ግማሽ መጣ። በረዶው የሚጀምርበት ቦታ ሲደርስ ጋሽ አንቴና ዓይኑን ጨፈነ።

"በል ተነስ፤ በላያችን ናት" አለች ሚስቱ፣ ክንዱን ይዛ።

ተነስተው ቀና አሉ። ሰማዩ ሰማያዊ ብቻ ነው። አንድም ነገር አይታይም። ግን ድምፁ ከበፊቱ ሁሉ ጠርቶ፣ ግቢውን ሞልቶ ይሰማል። እዚያ ላይ፣ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሊያጠፏት የፈረዱባት አሮጊት ሥራዋን እየሠራች ታልፋለች። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰማይ ሥር ልብስ ሲሰጣ፣ ልጅ ሲያድግ፣ ጋሽ አንቴና ሲያረጅ በላያቸው ስትመላለስ ኖራለች፤ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያትም።

ወደ ስክሪኑ ሲመለሱ በረዶ የለም። ሐይቁ ሙሉ ነው። ከሐይቁ በስተምዕራብ ቀጭን ደመና፣ ከደመናው ሥር ግራጫ ሜዳ አለ። ከተማው በሙሉ፣ ከነመንገዱ፣ ከነገበያው፣ ከነጠቡ፣ ከአንዲት ጭረት አይበልጥም። ሚስቱ መርፌ አንስታ ጫፉን እዚያች ጭረት ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ነን?"

"እዚህ ነን።" ከዚያ ጋሽ አንቴና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። "ይቺ መስመር ስትነሳ እኮ ቆመን ነበር። ቀና ብለን እያየናት ነው ፎቶ የተነሳነው።"

ሚስቱ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። እንባዋ ወረደ። "አንተ ሰውዬ" አለች በመጨረሻ፣ "ቀድመህ ብትነግረኝ ሻሼን እቀይር አልነበር?"

ድምፁ ወደ ደቡብ እየራቀ፣ እየሳሳ ሄደ። ጋሽ አንቴና ወደዚያው ዞሮ ቀኝ እጁን አነሳ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ለስንብት የተነሳ እጅ ቢንቀጠቀጥ ግን ማንም ጉድለት አይለውም። ሹክሹክታው ብቻ እስኪቀር አላወረደውም።

ማታ ልጅቱ ከሥራ መጣች። ፎቶውን አየች፣ ወላጆቿን አየች፣ ስፌት መኪናው አጠገብ የተከፈተውን ሣጥን አየች።

"ሣጥኑን ልውሰደው እንዴ፣ አባዬ?" አለች እየፈራች።

"ወዴት?" አለ ጋሽ አንቴና። "ተማሪ አለችኝ።"