ያልተበሳው ጠመንጃ

«አንዴ ከተበሳ አበቃለት። ከዚያ በኋላ የአባታችን ጠመንጃ አይደለም» አለ ጊልበርት፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አንተ ጉልበትህን በብረት ካስቀየርክ ሁለት ዓመትህ ነው» አለችው እህቱ አርዲስ። «የአባታችን ልጅ መሆንህ ቀረ?»

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ዳርሲ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። አባቷ ዌንደል ሩስታድ ግን አልሳቀም። ወንድምና እህት በሚጨቃጨቁበት ጠመንጃ ላይ ዓይኑን ተክሎ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል። እጁ ንጹሕ ነበር።

ጠመንጃው በባንኮኒው ላይ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ከቃታው ሥር ያለውን ቀለበት መሳይ እጀታ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የሚያቀባብል፣ የድሮ ዓይነት ነው። ሽማግሌው ኒልስ ፎስ የጠመንጃውን ወገብ ይዞ ተራራ ለተራራ ሲዞርበት ስለኖረ፣ እዚያ ላይ የብረቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ለቆ ግራጫ ሆኗል። የዋልነት እንጨት ሰደፉ ጠቁሯል፤ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎም እንደ ክር የቀጠነች መስመር ዙሪያውን ትዞረዋለች። ጊልበርት በየመኸሩ ወደ ጠመንጃ ትርኢት ይዞት ይሄዳል። እዚያ የሚመጡ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያዩት የብረቱን አናት ነው። አውራ ጣታቸውን ያሳልፉበትና «ያልተበሳ» ይላሉ፤ ጊልበርትም ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል።

ጠመንጃው ግን የእሱ አልነበረም። ኒልስ ሲሞት በስሟ ጠርቶ ያወረሰው ለአርዲስ ነው። አርዲስ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በቀኝ ዓይኗ መሃል ግራጫ ደመና ተቀምጧል። በጎን በኩል ታያለች፤ የምታተኩርበት ነገር ግን ይጠፋባታል። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን የስንዴ ቅንጣት የምታህል ማነጣጠሪያ ካየቻት ዓመት አልፏታል። ባለፈው በጋ ዳርሲ የራሷን ጠመንጃ ስታስይዛት ግን፣ በላዩ በተገጠመው የማነጣጠሪያ መስታወት ውስጥ የምትበራው ቀይ ነጥብ እንደምትታያት አርዲስ አወቀች። ሐኪሟ የግራው ዓይን መቼ እንደሚከተል ለመናገር አልፈለገም። የአጋዘን አደን የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ያዘዘችው ሥራ ብዙ አልነበረም። የብረቱ አናት ተበስቶ አጭር ሐዲድ መሳይ መያዣ ይታሰርበትና ባለ ቀይ ነጥቧ መስታወት እዚያ ላይ ትቀመጣለች። የእንጨቱ ሰደፍ ወጥቶ፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ከፍና ዝቅ የሚል፣ ጫፉ ላይ ወፍራም ጎማ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ይገባል። ዳርሲ እንዲህ ያለውን በሳምንት ሦስት ትሠራለች። ይህን ግን አርዲስ ያመጣችው ለዌንደል ነበር፤ የአባቷን ጠመንጃ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠግን የኖረው እሱ ነውና።

ጊልበርት ሌላ ጠመንጃ እንደሚያውሳት፣ አዲስ፣ ቀላል፣ ቀይ ነጥብ ያለው፣ ከፈለገችም ለዘለቄታው እንደሚሰጣት ነገራት። አርዲስ የራሷ እንዳላት መለሰች። ከዚያ ወደ ዌንደል ዞረች።

«ያዘዝኩት ቀይ ነጥብ ምን ሆነ?»

«አልመጣም» አለ ዌንደል። «የፖስታ ነገር ታውቂያለሽ።»

ዳርሲ አባቷን አየችው። ረጅም አስተያየት አልነበረም፤ ሆኖም ዌንደል ጆሮው ሲግል ተሰማው።

አርዲስ ወደ ሥራ ክፍሉ በሚያስገባው በር አጠገብ ወዳለው መደርደሪያ ሄደች። በጎን ዓይኗ ያየችው ነገር ነበር። ከአንድ የቆየ መጽሔት ሥር ትንሽ ካርቶን አወጣችና ፊቷ ድረስ አስጠጋችው፤ ራሷን ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ከዚያ ለዌንደል ዘረጋችለት።

«ይሄ የማን ነው? አንብብልኝ።»

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የእሷ ስም ተጽፏል። ዌንደል መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤ ማንበብ ሳያስፈልገው አድርጎት አነበበ።

«የሌላ ሰው ነው። የዳርሲ ደንበኛ።»

«እሺ» አለች አርዲስ፤ ካርቶኑንም ከነበረበት ቦታ፣ ልክ በነበረበት አኳኋን መልሳ አስቀመጠችው። የፖስታው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ስለምታውቅ እስኪመጣ ድረስ እንደምትጠብቅ ተናግራ፣ ሳንድዊቿን ልታመጣ ወደ መኪናዋ ወጣች። የበሩ ቃጭል ጮኸ።

ጊልበርት የዌንደልን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረህ። ከቅዳሜ ካለፈ እሷም ትተወዋለች።»

ነገሩ ከተጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አርዲስ ጠመንጃውን ባመጣች ማግስት ጊልበርት ዌንደልን ወንዙ ዳር አገኘው። እምቢ በላት አላለውም፤ ቆየት በልበት ብቻ ነው ያለው። ዌንደል ለጓደኝነት ብዬ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ካርቶኑ በአምስተኛው ቀን ሲመጣ መጽሔት ደረበበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሱቁ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየው መጽሔቱ ነበር፤ ቀኑን ሙሉም ያነሳው ካቻቢቴ ሁሉ አልገጥም ይለዋል።

«አባዬ፣ ያንን ካርቶን የተቀበልኩት እኔ ነኝ» አለች ዳርሲ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ፊርማዬ አለበት።»

«አውቃለሁ።»

«ፊት ለፊት እምቢ ብትላት እኔ እሠራላት ነበር።»

ዌንደል እምቢ ያላለበት ምክንያት ይኸው ነበርና ወደ ግድግዳው አመለከተ። ከዳርሲ ጀርባ ባለ እጀታ ጠመንጃዎች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ጥቁር ፕላስቲክ የለበሱ፣ ጎናቸው ለባትሪ መብራት መያዣ የተበሳሳ፣ አፈሙዛቸው ድምፅ ማፈኛ እንዲቀበል ጥርስ የወጣለት።

«ላም ላይ የመኪና መብራት እንደ መግጠም ነው» አለ።

«ላሟ ግን ትሸጣለች። ዘንድሮ ዋልነት ብለው የመጡትን ቁጠርልኝ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሞቷል።»

«ነፍሱን ይማረው» አለ ጊልበርት፣ ከቴርሞሱ ቡና እየቀዳ። «ጠመንጃው ግን ሳይበሳ ነው የቀረው።»

ዌንደል ጠመንጃውን አንስቶ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ምን ሊያደርግ እንደገባ ራሱም በደንብ አላወቀም። ሰደፉን ቢያወጣው ሥራው የተጀመረ ይመስላል፤ አርዲስም የምትጠብቀው ዕቃ ብቻ ነው ብላ ታምናለች። ጠመንጃውን ቆዳ በለበሰው የብረት ማሰሪያ፣ በሞርሳው ውስጥ አሰረና ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ብሎኑ አስቸገረው። ለአርባ ዓመት ብሎን ሲፈታ የኖረ እጅ ሁለት ጊዜ አዳለጠው። ተሳደበ።

«የሰደብከው እኔን ነው ወይስ ብሎኑን?»

አርዲስ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ግማሽ ሳንድዊች በእጇ ይዛለች። ገብታ የሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዌንደል ሰደፉን ስቦ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እሷ ሳታይ እጇን ሰደደች፤ አውራ ጣቷም በቀጥታ ሄዶ የቀጠነችው መስመር ላይ አረፈ፣ ሌሊት በቤቱ ውስጥ መብራት ማብሪያውን እንደሚያገኝ ሰው።

«አባባ ጥሩ አድርጎ ነበር የመለሰው» አለች። «ኮላው እስካሁን ይዟል።»

«ከፈረስ ሲወድቅ የተሰበረውን ነው?»

«ከምን ፈረስ?»

ዌንደል ይህን የነገረው ጊልበርት እንደሆነ፣ ያውም ብዙ ጊዜ፣ በትርኢቱም ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ እንደሚያወራው ነገራት። ሽማግሌው በበረዶ ላይ ከፈረስ ወድቆ፣ ሰደፉ ሲሰበር የራሱ እጅ ግን እንዳልተሰበረ።

«ፈረስ ኖሮን አያውቅም» አለች አርዲስ።

ሳንድዊቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ፣ ጠመንጃው ክንዷን እየበለጠ ሲያስቸግራት፣ አባቷ አንድ እሑድ ጠዋት በአናጢ መጋዝ ከሰደፉ ሁለት ጣት ያህል እንደቆረጠላት ነገረችው። እናቷ ሞኝ ብላዋለች። ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚስማር ማስቀመጫው ውስጥ አስቀመጠው። አራት ዓመት በአጭሩ ሰደፍ እሱም ተኮሰ፤ ትከሻውን እያመመው፣ አንድም ቀን ሳያማርር። አሥራ አምስት ሲሞላት ቁራጩን አወጣና መልሶ ለጠፈው።

«ጊልበርትስ?» አለ ዌንደል።

«ጊልበርት ጥይት ሲጮህ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ቤት ከእናታችን ጋር መዋል ይወድ ነበር። አባባ አላስገደደውም። ለአደን አልጠራውምም።»

ዌንደል ከሰደፉ ጫፍ ያለውን ብረት ፈታ። እንጨቱ ከሥር ንጹሕ ነበር። መስመሩን ደጋግሞ ያየው ነው፤ ጠመንጃው በእጁ ባለፈ ቁጥርም ስለ ፈረሱ እያሰበ በሰም አሽቶታል። አሁን ሲያየው የመጋዙ ጥርስ አቅጣጫ ቁልጭ ብሎ ታየው። የተሰበረ እንጨት እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ይህን ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እሱ ግን ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚለውን ስለወደደው አላየውም፤ ተናደደ፣ በማን ላይ እንደሆነ ሳይለይ።

ወጥቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ። መጽሔቱን አንስቶ ጣለውና ካርቶኑን ይዞ ተመለሰ። ፊቷ አስቀመጠው።

«ያንቺ ነው» አለ። «ከመጣ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ያነበብኩልሽ ውሸት ነው።»

አርዲስ ካርቶኑን አልነካችውም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ በዚያ አኳኋን ስትሆን ዌንደልን በደንብ ታየዋለች።

«ሁለት ሳምንት በየቀኑ ጠጠር ጉድጓዱ ጋ ሄጄ ተኩስ ልለማመድበት ነበር» አለች። «አንተ ይህንን ታውቃለህ። ጀርባዋን የሰጠች አጋዘን አቁስዬ ብተው ያንተ ጥፋት ነው የሚሆነው ወይስ የእኔ?»

«የእኔ።»

«ነገ ጠጠር ጉድጓዱ ጋ አብረኸኝ ትመጣለህ። ጥይቱን አንተ ትገዛለህ። ከዚያ እናያለን።»

«እሺ።»

«ይቅርታ እንዳትለኝ አሁን። እጅህ እንዲንቀጠቀጥ አልፈልግም።»

ዌንደል ጠመንጃውን ለመብሳት በሚያመች አኳኋን ሞርሳው ውስጥ አሰረ። ዳርሲን ጠራት፤ መለኪያዋን ይዛ መጣች። ቀዳዳው የሚያርፍበትን አብረው ለኩ፤ አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ። ሁለቱ ልኬቶች በፀጉር ስፋት ተለያዩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ግማሽ ቀን ይጣሉ ነበር። አሁን እንደገና ለኩ።

ጊልበርት በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። ማንም አልጠራውም። ቴርሞሱን በብብቱ ይዞ፣ በሞርሳው ውስጥ ያለውን ብረት፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰደፍ አየ። አፉን ከፈተ፤ ዌንደልም የሚመጣውን ለመቀበል ትከሻውን አጠነከረ። ከመናገሩ በፊት ግን አርዲስ ሳትዞር ሰደፉን ገፋ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ፣ ወደ እሱ አስጠጋችው።

«ጥቁሩ ሲገባ ይሄ ባዶውን ይቀመጣል» አለች። «ግድግዳህ ላይ የምትሰቅለው ነገር ከፈለግክ ውሰደው።»

ዌንደል ቀዳዳው በሚወጣበት ቦታ ላይ ሹል ብረት አቁሞ በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ። ያልተበሳው ብረት ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ተቀመጠች። አርዲስ መብራቱን አንስታ፣ ራሷን ወደ ጎን አዘንብላ አቀረበችለት።

«እዚህ?» አለች።

«ትንሽ ከፍ። እዚያው።»

መሰርሰሪያው ጀመረ። ቀጭን የብረት ቁራጭ እየተጠቀለለ ወጣ፤ ዳርሲ ዘይት ጠብ አደረገችበት። ከእነሱ ጀርባ ጊልበርት ሰደፉን አነሳ። አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳለፈ፣ አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ። ከዚያ ከቴርሞሱ ጋር በብብቱ ያዘው። የፊት ለፊቱ በር ቃጭል ጮኸ፤ ቆይቶም የጊልበርት ፒክአፕ መኪና ሞተር ተነሳ። ዌንደል መሰርሰሪያውን አቁሞ ቀዳዳውን እፍ አለ፤ ዳርሲም ሁለተኛውን ነጥብ መለካት ጀመረች።